እንደራሴ የማን ራስ ነው?



ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በመኝታ ክፍሎቻችንም ሆነ ከግቢው በር ውጭ ቡና በሚፈላባቸው ደጃፎች አንድ አሳብ ሲደጋገም እንሰማለን። አሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ «አገራችን የታመመችው አባት አጥታ ነው። እንደ እንግሊዝ፣ እንደ ጃፓን፣ እንደ ስዊድን ሥልጣኑ በሕገ መንግሥት የተወሰነ ንጉሥ ቢኖረን፣ ፓርቲዎች ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲወድቅ አገር እንዳይወድቅ የሚይዝ ምሰሶ ይኖረን ነበር።» ይህን የሚሉት ወገኖቻችን ሞኞች አይደሉም፤ አገራቸውንም የሚጠሉ አይደሉም። ስለዚህ በስድብ አንመልስላቸውም። ነገር ግን ዝም ብንል አሳቡን የተቀበልን ይመስላል። የምንኖርባት ከተማ ስሟ ሚዛን ነውና ነገሩን በሚዛን ላይ እናውጣው።

በመጀመሪያ የነሱን ወገን ክርክር ከነሙሉ ክብደቱ እናስቀምጥ። በምርጫ ያልመጣ ርእሰ ብሔር ለማንም ፓርቲ ዕዳ የለበትም ይላሉ። ሚኒስትሮች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ ንጉሡ ግን የሁሉም ነው ይላሉ። ምሳሌም አላቸው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1981 የታጠቁ ሰዎች የማድሪድን ፓርላማ ወርረው እንደራሴዎቹን በያዙ ጊዜ፣ የስፔን ንጉሥ ሁዋን ካርሎስ የጦር አዛዥ ልብሳቸውን ለብሰው በቴሌቪዥን ቀረቡና ከሕገ መንግሥቱ ጎን መቆማቸውን ተናገሩ፤ መፈንቅለ መንግሥቱም ከሸፈ። ይህ እውነት ነው፤ አንክድም።

ግን ጠለቅ ብለን እንጠይቅ። ንጉሡ በዚያች ሌሊት የጠበቁት ቤት በማን ተሠራ? የስፔን ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1977 እንደራሴዎቹን መርጦ ነበር፤ በ1978 ሕገ መንግሥቱን በራሱ ድምፅ አጽድቆ ነበር፤ ፓርቲዎች፣ ጋዜጦች፣ የሠራተኛ ማኅበሮች ቆመው ነበር። ንጉሡ የተሠራ ቤት ጠበቁ እንጂ ቤት አልሠሩም። እኛን ዘውድ ይምጣ የሚሉን ወገኖች ግን ጣሪያውን አስቀድመው ግድግዳውን በኋላ ሊያቆሙ የሚፈልጉ ናቸው።

እንግሊዝንም እንመልከት። ንግሥት አን እ.ኤ.አ. በ1708 ፓርላማ ያወጣውን አንድ ሕግ አልፈርምም ካሉ ወዲህ ማንም የእንግሊዝ ንጉሥ እንደዚያ ያለ እምቢታ አላሳየም። ይህ የሆነው የእንግሊዝ ነገሥታት ከኛ ነገሥታት ይልቅ ትሑታን ስለ ነበሩ ነውን? አይደለም። ፓርላማው የግብርን ገንዘብ በእጁ ስለ ያዘ፣ አንዱን ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1649 በሞት ስለ ቀጣ፣ ሌላውን በ1688 ከአገር ስላስወጣ ነው። ስዊድን ደግሞ ከንጉሥዋ ላይ የቀረውን ሥልጣን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መሰየምን እንኳ ሳይቀር፣ ያነሣችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ያንንም ያደረገው የሕዝብ ምክር ቤት እጁን አውጥቶ ነው፤ ጥይት አልተተኮሰም፣ ሰው አልታሰረም። በዚያው ዓመት በኛ አገር የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ፈረስ ልጓሙን በገዛ አፉ አያጠልቅም፤ አጥላቂ ይፈልጋል። አጥላቂው ምክር ቤት ነው። ብርቱ ምክር ቤት በሌለበት ግን የሚሆነውን ለማየት ወደ ስዋዚላንድ ማየት ይበቃል፤ ንጉሥ ሶቡዛ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1972 ምርጫ ተቃዋሚዎች ሦስት መቀመጫ ብቻ ቢያገኙ በሚቀጥለው ዓመት ሕገ መንግሥቱን አገዱ፤ ፓርቲዎችንም ከለከሉ። ሦስት መቀመጫ!

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን እንምጣ። በሕገ መንግሥት የተወሰነ ዘውድ በአገራችን ተሞክሮ ያልታየ አዲስ ነገር አይደለም። ተሞክሯል፤ አንድ ጊዜም አይደለም። የተሞከረውን አንድ በአንድ እንቁጠር።

የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ወጣ። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ አብነት ያደረጉትም የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው። በዚያ ሕግ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ የሕግ መወሰኛውን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን አባሎች ደግሞ መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጣሉ። ሕዝቡስ? ሕዝቡ ራሱን ችሎ መምረጥ እስኪችል ድረስ «ለጊዜው» እንዲቆይ ተደረገ። ይህ «ለጊዜው» የተባለው ነገር ከአንድ ትውልድ በላይ ቆየ። ከዚህ ከኛ አገር፣ ከማጂና ከጊሚራ፣ ያን ጊዜ ሰው በገባርነት ለወታደር እየተደለደለ፣ ከዚያም ብሶ በባርነት እየታደነ ይሸጥ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ይህ ሰው አዲስ አበባ ላይ ምክር ቤት መከፈቱን ከማን ይሰማል? ቢሰማስ ምን ይጠቅመዋል?

ጃፓን በጦርነት ከተሸነፈች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 የሜይጂን ሕግ ጥላ ሉዓላዊነቱ የሕዝብ ነው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ምልክት ብቻ ናቸው የሚል ሌላ ሕግ አወጣች። እኛ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ የተሻሻለ የተባለውን ሕገ መንግሥት ስናወጣ ግን አስተማሪያችን የጣለችውን ትምህርት አጥብቀን ያዝን። አንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይከራከሩት መሆኑን አጸና። አንቀጽ 26 ሉዓላዊነትን ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጠ። አንቀጽ 66 ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሚኒስትሮቹን የመሾምና የመሻር መብት የሳቸው ነው አለ። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ተረት በአንቀጽ ተከፋፍሎ ታተመ እንጂ ሌላ ምን ተጨመረ?

ተጨመረ የሚባለው ምርጫ ነው። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድም ሴትም ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ድምፅ ሰጠ። ይህን አናቃልልም። ነገር ግን ፓርቲ አልነበረም። ተመራጭ ለመሆን ንብረት ማሳየት ያስፈልግ ነበር። እስቲ አንድ የጊሚራ ጭሰኛ ከምርጫው ጣቢያ ፊት ቆሞ እናስበው። መሬቱ የሌላ ነው፤ ያጨደውን ያካፍላል፤ ነገ ውጣ ቢባል የሚሄድበት የለውም። ለምርጫ የቀረቡት ሰዎች መሬት ያላቸው ናቸው። ድምፁን ለማን ይስጥ? ለባለ መሬቱ ወይስ ለባለ መሬቱ ጎረቤት? ቡና ዋጋ እያወጣ ሲሄድ የዚህ አገር ጫካ ለሹማምንት በስጦታ ይታደል ነበር፤ ያን ስጦታ የሚቃወም አንድ ድምፅ ከምክር ቤቱ እንዲወጣ መጠበቅ ከደረቅ ግንድ ማር መጠበቅ ነው።

የውጤቱም ማስረጃ አለ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ሲሰለፉ የጠየቁት አዲስ ዓለም እንዲፈጠር አልነበረም፤ ምክር ቤቱ ሥራውን እንዲሠራ ነበር። የባለ መሬትና የጭሰኛ ግንኙነት የሚወሰንበት የሕግ ረቂቅ ምክር ቤት ደርሶ ሲንከባለል ኖረ፤ ሕግ ሳይሆንም ሥርዓቱ ወደቀ። መሬቱ ነጻ የወጣው ከምክር ቤት በወጣ ሕግ ሳይሆን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከወታደሮች በወጣ አዋጅ ነው። ወገኖቻችን ይህን ልብ ይበሉ፦ ደርግን የወለደው ዘውድ ማጣት አልነበረም። ዘውድ እያለ፣ ሕገ መንግሥት እያለ፣ ምክር ቤትም እያለ፣ የሕዝብን ጥያቄ ሕግ ማድረግ የሚችል እንደራሴ መጥፋቱ ነው። ሕግ ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ ሕግ ሳይመልሰው ሲቀር ጠመንጃ ይመልሰዋል፤ ጠመንጃም ሲመልስ ዋጋውን አብሮ ያስከፍላል።

እዚህ ላይ አንድ ቃል እንመርምር። የሕዝብ ተመራጭን «እንደራሴ» እንለዋለን። ይህ ቃል ከየት መጣ? በጥንቱ አነጋገር እንደራሴ ማለት ንጉሥ «እንደ ራሴ አድርጋችሁ እዩት» ብሎ በቦታው የሚያስቀምጠው ሰው ነው። ራስ ተፈሪ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ተብለው ነበር። እንግዲህ ይህ ቃል ወደ ሕዝብ ምክር ቤት ሲዛወር ትርጉሙ መገልበጥ ነበረበት፤ «እንደ ራሴ» የሚለው ንጉሡ መሆኑ ቀርቶ የማጂ ገበሬ፣ የቴፒ ቡና ለቃሚ፣ የቦንጋ ነጋዴ መሆን ነበረበት። ቃሉ ተዛወረ፤ ትርጉሙ ግን እዚያው ቀረ። እንደራሴዎቻችን እስከ ዛሬ የላይኛው ራስ ወደ ታች የተላኩ ናቸው እንጂ የታችኛው ራስ ወደ ላይ የተላኩ አልሆኑም። የክርክራችን ሁሉ ፍሬ ይህ ነው።

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት የኤርትራን ነገር እናንሣ፤ ምክንያቱም በሕግ የተወሰነ ዘውድ ከእውነተኛ ምክር ቤት ጋር ጎን ለጎን የተቀመጠበት ብቸኛው ፈተናችን እሱ ነው። በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋሐድ 68 አባሎች ያሉት የተመረጠ ምክር ቤት ነበራት፤ የአስተዳደሩን ዋና ኃላፊ የሚመርጠው ይህ ምክር ቤት ነበር። ዘውዱ በአሥመራ የሚወከለው በንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ነበር፤ የዚህም እንደራሴ ሥራ በወረቀቱ ላይ የክብር ሥራ ነበር፤ የዘውዱን ንግግር ያነብባል፣ ሕግ ሲወጣ ያውጃል። ወገኖቻችን ዛሬ የሚመኙት ሥርዓት ይህ አይደለምን? ምን ሆነ? የመጀመሪያው ዋና ኃላፊ ተድላ ባይሩ በ1947 ዓ.ም. ከሥልጣን ለቀቁ። ቀጥለው የተመረጡት ቢትወደድ አስፋሃ ወልደ ሚካኤል የምክር ቤቱ ዋና ኃላፊና የንጉሠ ነገሥቱ ምክትል እንደራሴ በአንድ ጊዜ ሆኑ። ሁለቱ እንደራሴነት በአንድ ሰው ላይ ሲደረብ የትኛው እንደሚያሸንፍ መናገር ያስፈልጋልን? ባንዲራው ወረደ፤ የመንግሥቱ ስም ወደ «አስተዳደር» ተለወጠ፤ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ራሱ ፈረሰ። ዘውዱ በአሥር ዓመት ምክር ቤቱን ዋጠው። ከዚያ የተነሣው ጦርነት ሠላሳ ዓመት ፈጀ፤ በመጨረሻም አገር ተለየ። በሕግ የተወሰነ ዘውድ ምን ያህል እንደሚወሰን ለማወቅ ከዚህ የሚበልጥ ውድ ትምህርት የከፈለ አገር ካለ ይነገረን።

ሌላም አለ። ሥልጣን የሌለው ንጉሥ ለኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ታውጆላታል፤ ሁለቱንም ጊዜ የታጩት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ነበሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ አጫጩዋቸው ወታደሮች ነበሩ። የመጀመሪያው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በነመንግሥቱና በነገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ ነው፤ አልጋ ወራሹ በሕግ ሥር ሆነው በደመወዝ የሚያገለግሉ መሪ እንደሚሆኑ በራዲዮ ተነገረ። ተማሪዎችም ደግፈው በአዲስ አበባ ተሰለፉ። ነገሩ በጥቂት ቀን ውስጥ በደም አለቀ።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስተምራል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሕዝብና ጦር ሲነሣ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ለቀቀ፤ እንዳልካቸው መኰንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻልና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ ተጠሪ እንዲሆን አዘዙ። በዚያው ክረምት ረቂቁ ተዘጋጀ፤ ንጉሡ የክብር ራስ ብቻ የሚሆኑበት፣ ሥልጣኑ ለተመረጠ ምክር ቤት የሚሰጥበት ነበር። መልካም ረቂቅ ነበር ቢባል አንቃወምም። ግን ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ አርባ ሦስት ዓመት ዘግይቶ መጣ፤ ሊደግፈው የሚችል ፓርቲም፣ ሊከራከርለት የሚችል ምክር ቤትም አላገኘም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ፤ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ ምክር ቤቱን በተነ፤ በዚያው አዋጅም በውጭ አገር በሕክምና ላይ የነበሩት አልጋ ወራሽ ሲመለሱ በአስተዳደር የማይገቡ ንጉሥ ይሆናሉ አለ። አልጋ ወራሹ አልተመለሱም፤ እስከ መጋቢት 1967 ዓ.ም. ድረስ፣ ዘውዱ በአዋጅ እስኪሻር፣ ስድስት ወር ሙሉ ኢትዮጵያ በወረቀት ላይ ሥልጣን የሌለው ንጉሥ ነበራት።

ያ ስድስት ወር ምን ዓይነት ስድስት ወር ነበር? ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን ከብዙ ሹማምንትና መኰንኖች ጋር ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሥልጣን የሌለው ንጉሥ ነበረ፤ እምቢ የሚል ምክር ቤት ግን አልነበረም። ዘውድ ያስታርቃል፣ ዘውድ ይጠብቃል ለሚሉን መልሳችን ይህ ነው። ዘውዱን ሥልጣን አሳጥቶ ምክር ቤቱን መበተን ሁለት ቀን አይፈጅም፤ ምክር ቤት መትከል ግን ትውልድ ይፈጃል።

«እናንተ የደቡብ ምዕራብ ልጆች ነገሥታት አልነበሩዋችሁምን?» የሚለን ይኖራል። ነበሩን። የካፋ ንጉሥ ታቶ ይባል ነበር። ታቶ ግን ብቻውን አይገዛም ነበር፤ ሚክሬቾ የሚባሉ፣ ከታወቁ ጎሣዎች የሚወጡ መማክርት ነበሩት፤ በትልልቅ ነገርና በወራሽ ምርጫ ላይ ቃል ነበራቸው። ይህን ስንል የካፋን መንግሥት ገነት አድርገን ልንስል አይደለም፤ ባሪያ የሚሸጥበት፣ ማንጆን ከሰው ተራ የሚያወጣ መንግሥት ነበር። የምንለው ይህን ብቻ ነው፦ ንጉሥን በመማክርት ማሰር ከለንደን በመርከብ የመጣ አሳብ አይደለም፤ የዚህ ጫካ ሰው ያውቀው ነበር።

በ1890 ዓ.ም. መግቢያ የአፄ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት የካፋውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ፤ ንጉሡ ታስረው ተወሰዱ፤ ዘውዳቸውም ከአገር ወጥቶ ለብዙ ዓመታት በስዊስ አገር ተቀመጠ። ጦሩ ወደ ማጂም ወረደ። መማክርቱ ፈረሱ፤ የቀሩት ባላባቶች ግን ሥራቸው ተገለበጠ። ትናንት የሕዝቡን ቃል ወደ ንጉሥ ያደርስ የነበረው የአገር ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ የሹሙን ትእዛዝ ወደ ሕዝብ የሚያወርድ፣ ገባር የሚቈጥር፣ ለዚህም ሲሶ መሬት የሚቈረጥለት ሆነ። እነሆ፣ እንደራሴው ፊቱን ያዞረበት ቀን ይህ ነው። ይህን የምንናገረው በቀል ለመቀስቀስ አይደለም፤ የዛሬ ልጅ የቅድመ አያቱን ዕዳ አይከፍልም፤ የወታደሩም የገባሩም የልጅ ልጆች ዛሬ በአንድ ክፍል ተቀምጠን እንማራለን። የምንናገረው አንድ ዘውድ የሁሉ አባት ነበር ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት አባት እንዳላየ እንዲታወቅ ነው።

አሁን ደግሞ ፊታችንን ወደ ሌላው ወገን እናዙር። ዘውድ ከወደቀ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተፈጽሟል የሚሉ አሉ፤ እነሱም ተሳስተዋል። ደርግ ዘውድ አልነበረውም፤ የማይከሰስ ሊቀ መንበር ግን ነበረው። የ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ብሔራዊ ሸንጎ አቋቋመ፤ ሸንጎው ግን በአንድ ፓርቲ እጅ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 45 ሥርዓቱ ፓርላማዊ መሆኑን ደነገገ፤ በምክር ቤቶች የሚመረጥ፣ ከዕለት ፖለቲካ በላይ የሚቀመጥ ፕሬዚዳንትም ሰጠን። ስለዚህ ወገኖቻችን የሚመኙት ከፓርቲ በላይ ያለ ወንበር አዲስ ነገር አይደለም፤ አለ። ወንበሩ ስላለ ግን ጠባችን ቀርቷልን? አልቀረም። በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ 547ቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ። አንድም ተቃዋሚ የሌለበት ምክር ቤት! በሦስት ዓመት ውስጥ መንገዱ ሁሉ በተቃውሞ ተሞልቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። በአዳራሹ ያልተሰማ እምቢታ በአደባባይ ይሰማል። ዘውድ ይኑር አይኑር፣ ይህ ሕግ አልተለወጠም።

እንግዲህ በሁለቱም ወገን ያለው ስሕተት አንድ ነው። አንዱ ንጉሥ ሲመለስ እንድናለን ይላል፤ ሌላው ንጉሥ ስለ ሄደ ድነናል ይላል። ሁለቱም ዓይናቸውን ከላይኛው ወንበር ላይ ማንሣት አልቻሉም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚመታ ማለት ይህ ነው። ሊታይ የሚገባው በመካከል ያለው ወንበር ነው፤ የእንደራሴው ወንበር። እሱ ብርቱ የሆነበት አገር ንጉሥ ቢኖረው አይጎዳም፤ ባይኖረውም አይጎድልበትም። እሱ ደካማ የሆነበት አገር ግን በላይ የተቀመጠው ሰው ዘውድ ቢጭን፣ ቆብ ቢያደርግ፣ ክራቫት ቢያስር፣ ለማጂ ገበሬ ልዩነቱ አይታየውም።

ይህ ለኛ የሩቅ ክርክር አይደለም። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የዚህ አካባቢ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ድምፁን ሰጥቶ በኅዳር ወር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። የራሳችን ምክር ቤት አለን። በእኛ ዕድሜ የተወለደ ምክር ቤት ነው፤ ገና ልማዱ አልጠነከረም። ልጅ ሳለ የተጣመመ ዛፍ ካደገ በኋላ አይቃናም። አሁን ካልጠየቅን መቼ እንጠይቃለን?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባሎች የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውንና ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው መሆኑን ይናገራል። በአንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ይደነግጋል። ከመካከላችን ይህን አንቀጽ በፈተና ላይ ያልጻፈ የለም። ከመካከላችን ግን የተወለደበትን ወረዳ እንደራሴ ስም በቃሉ የሚያውቅ ስንቱ ነው? እንደራሴው ባለፈው ዓመት ለየትኛው ሕግ እጁን እንዳወጣ፣ በየትኛው ላይ እንደ ተቃወመ የሚያውቅስ? የእንግሊዝን ነገሥታት ስም በተራ የምንቆጥር፣ የማጂን ወኪል ስም የማናውቅ ተማሪዎች ስለ ፓርላማ ዴሞክራሲ ብንከራከር ማን ይሰማናል?

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች እንዲይዝ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ከቤንች ሸኮ፣ ከሸካ፣ ከካፋና ከምዕራብ ኦሞ ዞኖች የተመረጡ የፌዴራልና የክልል እንደራሴዎች ምክር ቤቶቹ ለዕረፍት በሚዘጉበት ወራት ወደዚህ እንዲመጡና በሕዝብና በተማሪ ፊት ስለ ሥራቸው እንዲመልሱ ማኅበሩ በጽሑፍ ይጥራቸው። ካልመጡም አለመምጣታቸው በዚህ ጋዜጣ ይውጣ።

ሁለተኛ፣ በምክር ቤት የሚሰጥ ድምፅ በየስሙ ተመዝግቦ በየከተማውና በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ እንጠይቅ። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚለው ዜና ለሕዝብ ምንም አይነግረውም። እምቢ ያለ ካለ ስሙን እንወቅ፤ እናመስግነው ወይም እንውቀሰው።

ሦስተኛ፣ ከራሳችን እንጀምር። የማኅበራችን ምክር ቤት አባሎች ያደረጉት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በሳምንት ውስጥ በሰሌዳ ላይ ይውጣ፤ የወጣው ገንዘብ ይቈጠር፤ የመረጠው ክፍል እምነት ያጣበትን ተወካይ በሚቀጥለው ስብሰባ ማንሣት ይቻል። በአንድ ግቢ ውስጥ ያልሠራነውን በአገር ላይ እንሠራለን ብንል ውሸት ነው። ጋዜጣችን ይህን ጽሑፍ እንዳወጣ፣ የሚቃወሙንን ወገኖች ጽሑፍም በሚቀጥለው እትም ያውጣ፤ ዘውድ ይመለስ የሚል ካለ ስሙን ጽፎ ይምጣና ይሟገተን። እምቢታን ካልለመድነው እንደራሴ አንሆንም፤ እንደራሴም አይኖረንም።

ዘውድ የሚጭን ራስ ከመፈለግ በፊት የሕዝብን ራስ የሚሸከም ትከሻ እንፈልግ!